210,000 የሂልተን ነጥብ ከ180,000 የማሪዮት ሲያንስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ወንድሜ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ትራቭል ነርስ ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት ከሆስፒታል ሆስፒታል ስዘዋወር በየሆቴሉ ያጠራቀምኩት ፖይንት አለ፤ ማሪዮት 180,000፣ ሂልተን 210,000፣ ሃያት 38,000፣ አይኤችጂ ደግሞ 25,000። ባለቤቴም ሂልተን ላይ 40,000 አለው። በጥር የወንድሜ ሠርግ ስለሆነ አዲስ አበባ አምስት ሌሊት ሆቴል ማረፍ እንፈልጋለን። የማን ፖይንት ነው ዋጋ ያለው? የትኛውን ልጠቀም? ጓደኛዬ ደግሞ የማሪዮቱን ወደ አውሮፕላን ማይል ቀይሪው ትለኛለች። ከአሁን በኋላስ በአንዱ ብቻ ልወሰን?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለወንድምሽ እንኳን ደስ ያላችሁ። የጠየቅሽኝ አራት ነገር ቢሆንም አብዛኛው በአንድ ማካፈል ይፈታል። አሥራ አንድ ዓመት በሆቴል ሪዘርቬሽንና ዋጋ አወጣጥ ክፍል ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ወዲያ ያየሁትንም ጨምሬ እነግርሻለሁ።

ከቁጥሩ እንጀምር። ኩዌት የሠራ ሰው 300 ዲናር ሲባል አይንቅም፤ አንዱ ዲናር ከሦስት ዶላር በላይ እንደሚመነዘር ያውቃል። ሆቴሎች ላደረ እንግዳ የሚሰጡትና በኋላ ክፍል የሚያዝበት ነጥብም የየድርጅቱ ገንዘብ ነው። ሁሉም «ፖይንት» ስለተባለ ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንመዝነው እንሳሳታለን። ብዙ የሚጓዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት በግርድፉ ይህ ነው፦ የሃያት አንድ ነጥብ ከ1.5 እስከ 1.8 የአሜሪካ ሳንቲም፣ የማሪዮት ከ0.7 እስከ 0.8፣ የሂልተንና የአይኤችጂ ግማሽ ሳንቲም ገደማ። በዚህ ሒሳብ 180,000 የማሪዮት ነጥብሽ ቢያንስ 1,260 ዶላር ያወጣል። የሂልተኑ 210,000 ደግሞ 1,050 ዶላር አካባቢ ነው። ትንሽ የምትመስለው 38,000 የሃያት ነጥብ ወደ 600 ዶላር ትጠጋለች።

«እንግዲያው ሃያት ነው የሚሻለው» እንዳትዪ፣ ቆይ። ሃያት በአንድ ዶላር 5 ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ማሪዮት፣ ሂልተንና አይኤችጂ በአብዛኞቹ ሆቴሎቻቸው 10 ይሰጣሉ። መቶ ዶላር ብትከፍዪ ሃያት 500 ነጥብ ይሰጥሻል፤ ይህም 8 ዶላር አካባቢ ነው። ማሪዮት 1,000 ነጥብ ይሰጥሻል፣ ወደ 7 ዶላር። ሂልተንም 1,000፣ ግን ወደ 5 ዶላር። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ነጥቦቹን አንድ ለአንድ ስታወዳድሪ የሚታይሽን ያህል ሰፊ አይደለም።

የሂልተን ነጥብ ለምን ግማሽ ሳንቲም ላይ እንደሚቀር ማረጋገጫው ድርጅቱ ራሱ ነው። ሂልተን ነጥብ ለሽያጭ ያቀርባል፤ መደበኛው ዋጋ በነጥብ አንድ ሳንቲም ነው። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ግን «የገዛችሁትን ያህል እንጨምርላችኋለን» ይላል፤ ያኔ ዋጋው ግማሽ ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ሂልተን ራሱ በዚያ ዋጋ እየቸረቸረው አንቺ ኪስ ያለው ከዚያ በላይ ያወጣል የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ሒሳቡን እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

እነዚህ ግምቶች ግን አማካይ ናቸው። አማካይ ላይ ደግሞ ማንም አያድርም፤ የምታድሪው አንድ ሆቴል፣ አንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ማካፈሉን ራስሽ ሥሪው፦ ለዚያው ክፍልና ለዚያው ቀን ከኪስሽ ልትከፍዪ የነበረውን ጠቅላላ ገንዘብ በሚጠየቀው ነጥብ አካፍዪው። «ከኪስሽ ልትከፍዪ የነበረውን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሒሳብ አንድ ነገር ይጨምራል። የከተማችን ትልልቅ ሆቴሎች ዋጋ ሲነግሩ «ፕላስ ፕላስ» ይላሉ። የመጀመሪያው ፕላስ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ነው፤ ሁለተኛው 15 በመቶ ቫት ሲሆን የሚሰላውም ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ 200 ዶላር የተባለው ክፍል 220 ይሆናል፤ ቫቱ ሲታከልበት 253 ይገባል። አምስት ሌሊት ሲባል 1,265 ዶላር ነው። በነጥብ ስታድሪ ግን እነዚህ ሁለቱ ፕላሶች በአብዛኛው አብረው ይነሳሉ። ስለዚህ ማካፈል ያለብሽ 200ን ሳይሆን 253ን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነጥቡን በርካሽ ይገምታል። ከመጨረሻው «አረጋግጥ» በፊት የሚመጣው ገጽ የቀረ ታክስ ካለ ያሳይሻል፤ እሱን ሳታዪ አትለፊ።

በምሳሌ ላሳይሽ። ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች ያሉት የነጥብ ቁጥሮች ለስሌት ያህል የመረጥኳቸው ናቸው፤ ትክክለኛውን ከአፕሊኬሽንሽ ላይ ወስደሽ ትተኪዋለሽ። ሦስቱም ሆቴሎች በካሽ ያው 1,265 ዶላር ናቸው እንበል።

የማሪዮቱ ሆቴል በሌሊት 35,000 ነጥብ ይጠይቃል። ማሪዮት ለማንኛውም አባል አምስት ተከታታይ ሌሊት በነጥብ ከያዘ የአንዱን ሌሊት ነጥብ ይተውለታል። ስለዚህ የምትከፍዪው 175,000 ሳይሆን 140,000 ነው። 1,265 ዶላሩን ስታካፍዪው 0.90 ሳንቲም ይወጣል። ያ ሌሊት ባይተውልሽ ኖሮ 0.72 ነበር። አንድ ሌሊት ብቻ ያመጣው ለውጥ ነው፤ አራት ሌሊት ለማደር ያሰበ ሰው «አንድ ቀን ልጨምር» ቢል ተጨማሪ ነጥብ አያወጣም።

የሂልተኑ በሌሊት 55,000 ነው። ሂልተንም አምስተኛውን ሌሊት ይተዋል፤ ግን ሲልቨርና ከዚያ በላይ ደረጃ ላለው አባል ብቻ። ሲልቨር ከሆንሽ 220,000 ትከፍያለሽ፤ ካልሆንሽ 275,000። በመጀመሪያው 0.57 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 0.46። ከዚህም በላይ 275,000 የለሽም። 220,000ም ብቻሽን የለሽም፤ ከባለቤትሽ ጋር ግን አላችሁ! ሂልተን ቤተሰብና ወዳጅ ነጥቡን በነጻ አንድ ላይ እንዲያጠራቅም ይፈቅዳል፤ ያንቺ 210,000 ከእሱ 40,000 ጋር 250,000 ይሆናል። ሲልቨር ካልሆንሽ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው የሂልተን አሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ ሲልቨር ያደርግሻል። እኔ ለነጥብ ብሎ ካርድ የሚሰበስብ ሰው አልወድም፤ ይህንን ግን ሒሳቡ ይደግፈዋል።

የሃያቱ በሌሊት 12,000 ነው። ሃያት አምስተኛ ሌሊት አይተውም፤ 60,000 ሙሉውን ይወስዳል። ግን ስታካፍዪው 2.1 ሳንቲም ይመጣል። ችግሩ ያለሽ 38,000 መሆኑ ነው፤ ሦስት ሌሊት ይይዛል። ለቀሩት ሁለት ሌሊቶች 22,000 ይጎድልሻል። የቼዝ ባንክ ሳፋየር ካርድ ካለሽ ነጥቡ ወደ ሃያት አንድ ለአንድ ይተላለፋል፤ መሙላት ትችያለሽ። አንዴ ከተላለፈ ግን ወደ ባንኩ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉ በነጥብ መኖሩን እዪ፣ ከዚያ አስተላልፊ። ሰው ገልብጦ ሲሠራው አይቻለሁ፤ ነጥቡን ካሻገረ በኋላ ክፍል አጣ።

ጥንቃቄ ለሚወድ ሰው አንድ ማጥሪያ ልጨምር። በካሽ ብትከፍዪ ኖሮ ነጥብ ታገኚ ነበር፤ በነጥብ ስታድሪ ያ ይቀርብሻል። በማሪዮቱ ምሳሌ ከታክስና ከሰርቪስ በፊት ያለው 1,000 ዶላር 10,000 ነጥብ ያመጣልሽ ነበር። እሱንም ወጪ ብለሽ 150,000 ላይ ስታካፍዪ 0.90 የነበረው 0.84 ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ ከአማካዩ በላይ ነው።

አሁን «ከኪስሽ ልትከፍዪ የነበረውን» ወዳልኩት ልመለስ። የሠርግ ቤተሰብ ናችሁ። ሠርጉ የሚደገሰው ሆቴል ውስጥ ከሆነ ሆቴሉ ለቤተሰቡና ለእንግዶች ቅናሽ ዋጋ ይሰጣል፤ ካልሰጠም ሲጠየቅ ይሰጣል። 200 ዶላር የነበረው በ150 ከተገኘ አምስቱ ሌሊት ከነፕላሶቹ 949 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያኔ ያው 140,000 የማሪዮት ነጥብ 0.68 ሳንቲም ብቻ አወጣ ማለት ነው፤ በካሽ ከፍለሽ ነጥቡን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል። እዚያው ያለ ዘመድ ወደ ሆቴሉ ሽያጭ ክፍል ቢደውል የሚያገኘው ዋጋ ስልክሽ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል። ነጥብ የሚለካው ስክሪን ላይ በተጻፈው ትልቅ ዋጋ ሳይሆን አንቺ በእርግጥ ልታገኚው በምትችዪው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። 400 ዶላር በሚል ሆቴል ላይ አካፍሎ «ነጥቤ ሁለት ሳንቲም አወጣልኝ» የሚል ሰው በካሽ ቢሆን እዚያ ሆቴል ደጃፍ አይደርስም ነበር።

ለመወሰን እንዲመችሽ ሒሳቡን ከያዝሽው ተነስቼ ገልብጬ ላስቀምጥልሽ። በ180,000 የማሪዮት ነጥብ አምስት ሌሊት የምታድሪው ሆቴሉ በሌሊት እስከ 45,000 ከጠየቀ ነው። በ250,000 የሂልተን ነጥብ ሲልቨር ሆነሽ እስከ 62,500፣ ሳትሆኚ እስከ 50,000። ማሪዮት ከ0.7 ሳንቲም በታች፣ ሂልተን ከ0.5 በታች፣ ሃያት ከ1.5 በታች ካወጡ ካሽ ክፈዪ።

አሁን ወደ ከተማዋ። የሂልተን ነጥብሽ የሚሠራው ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምናውቀው ሂልተን አዲስ አበባ ነው። የማሪዮቱ ሸራተን አዲስ ላይ ይሠራል፤ ማሪዮት የሸራተንን እናት ኩባንያ ስታርውድን በ2016 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ፕሮግራሞቹን በ2018 እ.ኤ.አ. ስላዋሃደ ሸራተን አዲስ ዛሬ ማሪዮት ቦንቮይ በሚባለው የማሪዮት የነጥብ ፕሮግራም ሥር ነው። ሃያት ሪጀንሲ መስቀል አደባባይ ጥግ አለልሽ። የማሪዮት ኤክስኪዩቲቭ አፓርትመንትስም አዲስ አበባ አለ፤ ግን እንዲህ ዓይነት አፓርታማዎች በአንድ ዶላር የሚሰጡት ነጥብ ከመደበኛው ያነሰ ነው፤ የአባልነት ጥቅማጥቅሙም እንደ ሆቴሎቹ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስካይላይት ከእነዚህ የሆቴል ሰንሰለቶች በአንዱም ስለማይገባ ያንቺ ነጥብ እዚያ አያገለግልም።

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ደጋግሞ የሚገባበት ወጥመድ ራዲሰን ነው። ካዛንቺስ ያለው ራዲሰን ብሉ በውጭው ዓለም የራዲሰን ሪዋርድስ ፕሮግራም ሥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሉትን ራዲሰኖች ግን ቾይስ ሆቴልስ የሚባል ሌላ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ገዝቷቸዋል፤ እዚያ አድረሽ የምታገኚው የቾይስ ነጥብ ነው። ስሙ አንድ፣ አርማው አንድ፣ ካዝናው ግን ሁለት። ሚኒሶታ ያጠራቀመውን ይዞ ካዛንቺስ ሪሴፕሽን ላይ የቆመ ሰው አውቃለሁ፤ ልጅቷ በትህትና ፈገግ ብላ ካርዱን መለሰችለት።

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። በነጥብ የሚያድር እንግዳ ሲመጣ ሆቴሉ በነጻ አላሳደረም። አብዛኞቹ ሆቴሎች የሰንሰለቱ ንብረት አይደሉም፤ በስሙ የሚሠሩ የሌላ ባለሀብት ናቸው። ስለዚህ የፕሮግራሙ ባለቤት ለሆቴሉ ይከፍለዋል። ሆቴሉ ጭር ባለበት ሌሊት የሚከፈለው አንሶላ ለማጠብና ክፍል ለማጽዳት ከሚበቃው ብዙም አያልፍም። ሊሞላ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ግን ክፍያው ወደ መደበኛው ዋጋ ይጠጋል። ክፉው ጊዜ መካከሉ ነው፤ ሆቴሉ እየሞላ ግን ገና ሳይሞላ። ያኔ የዋጋ ክፍሉ ሰው ከኪሱ የሚከፍል እንግዳ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ በነጥብ ለሚመጣው ክፍል መስጠት ያመዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ «ስታንዳርድ ክፍል ካለህ በነጥብ መስጠት አለብህ» ይለዋል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ስታንዳርድ ክፍል እንዳይኖረው ያደርጋል። እኔ በነበርኩበት አንድ ሆቴል አሥራ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጠዋት ስማቸው ከ«ስታንዳርድ» ወደ «የከተማ እይታ» ተቀየረ። መስኮቱ ያው ነው፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያም ያው ነው።

ይህ አንቺን የሚነካሽ እንዲህ ነው። ሂልተን ላይ ስታንዳርዱ ሲያልቅ አፕሊኬሽኑ «የለም» አይልሽም፤ ያንኑ ሆቴል በሦስትና በአራት እጥፍ ነጥብ ያሳይሻል። ያንን አትንኪ። ከአምስቱ ሌሊት አንዱ ብቻ ሞልቶ አምስቱንም ሊያስወድድ ስለሚችል ቀኑን በአንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ እየገፋሽ እዪ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ብቻ አይደለም፤ በጥምቀት ሰሞን ቱሪስቱ ይገባል። ሠርጉ ወደ የካቲት ከተጠጋ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲመጣ ትልልቆቹ ሆቴሎች በልዑካን ይያዛሉ። ያኔ በካሽ ያለው ዋጋ ስለሚያሻቅብ፣ ስታንዳርድ ክፍል ካገኘሽ ነጥብሽ በጣም የሚከብርበት ሌሊት ነው፤ ማግኘቱ ነው ጭንቁ።

ቁርስንም አትርሺ። የሂልተን ጎልድ አባል አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን ትንሽ ሒሳብ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ግን ለሁለት ሰው ቁርስ ያገኛል። ሁለታችሁ አምስት ጠዋት ሆቴል ውስጥ ቁርስ ብትበሉ የሚወጣውን ታውቂዋለሽ። ጎልድ ከሆንሽ ይህንን ከሂልተን ጎን ደምሪለት፤ 0.57 የነበረውን ከፍ ያደርገዋል። እርግጥ በሠርግ ሰሞን ጠዋት ጠዋት እናትሽ ቤት ጨጨብሳ እየጠበቀሽ ሆቴል ቁርስ ትበዪ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

የሠርጉ ድግስ ራሱ ነጥብ ሊያመጣ እንደሚችል ብዙ ሰው አያስብም። ማሪዮት ዝግጅት ለሚያዘጋጅ አባል በአንድ ዶላር 2 ነጥብ የሚሰጥበት አሠራር አለው፤ ሂልተንና ሃያትም ተመሳሳይ አላቸው፤ ጣሪያ ግን አለው። አዳራሹ ከእነዚህ ሆቴሎች በአንዱ ከሆነ፣ ውሉ ላይ የሚፈርመው ሰው አባል ይሁንና የአባልነት ቁጥሩ ከመፈረሙ በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ። ሆቴሉ በዚህ አሠራር ይሳተፍ እንደሆነ ያኔውኑ ጠይቁ። ድግሱ ካለፈ በኋላ «ረሳነው» ብሎ ማስጻፍ አይቻልም ማለት ይቀላል። ሌላም አለ፤ ማሪዮት ራስሽ አንዱ ክፍል ውስጥ አድረሽ የከፈልሽላቸውን እስከ ሦስት ክፍሎች በስምሽ ነጥብ ይይዝልሻል። ከውጭ ለሚመጡ አክስቶች የምትከፍዪ ከሆነ ባንቺ ቁጥር ይያዝ።

ወደ ጓደኛሽ ምክር እንሂድ። ማሪዮት ነጥቡን ወደ አየር መንገድ ማይል የሚለውጠው ሦስት ለአንድ ነው፤ 60,000 በአንዴ ስታሻግሪ በአብዛኞቹ አየር መንገዶች 5,000 ማይል ይጨምርልሻል። ስለዚህ 60,000 ነጥብ 25,000 ማይል ሆነ። ያው 60,000 በ0.7 ሳንቲም ቢሰላ 420 ዶላር ነው፤ እያንዳንዷን ማይል በ1.68 ሳንቲም ገዛሻት ማለት ነው። በማሪዮቱ ምሳሌያችን እንደታየው ነጥቡ 0.84 ካወጣልሽ ደግሞ ማይሏ ሁለት ሳንቲም ገባች። ማይል ከዚያ በርካሽ ይገኛል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው የተያዘ ነገር ሲኖር ነው፤ ቲኬቱን በማይል አግኝተሽ፣ ጥቂት ሺህ ማይል ብቻ ጎድሎሽ ከሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ ያለውን በረራ በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ማይል መያዝ ይቻላል። ግን ከማሪዮት የሚሻገረው ነጥብ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ በጥር ወር ወደ አዲስ አበባ የሚገኝ የማይል ወንበር ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅሽም። እኔ ብሆን አልቀይረውም።

በነጥብ ከመስመር ላይ ሱቅ ዕቃ መግዛትማ ጨርሶ አይነሳ። የሂልተንን ነጥብ አማዞን ላይ ስታወጪው 500 ነጥብ አንድ ዶላር ነው፤ በሆቴል ከሚያወጣው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የአይኤችጂው 25,000 ግን ያሳስበኛል። ማሪዮት፣ ሂልተንና ሃያት ነጥብሽን የሚያጠፉት 24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ሳይኖር ሲቀር ነው። አይኤችጂ ደረጃ ለሌለው አባል 12 ወር ብቻ ነው የሚታገሠው። መጨረሻ ያደርሽው መቼ ነው? እኔ በአንድ ድርጅት 64,000 ነጥብ እንዲህ አጥቻለሁ። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ከማስታወቂያዎች መሐል ተቀብሮ ቆይቶ ያገኘሁት ቀኑ ካለፈ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በሆቴል ሙያ ውስጥ ሆኜ! ደውዬ ለመንኩ፣ ጻፍኩ፤ አልመለሱልኝም። ስለዚህ በሚቀጥለው ኮንትራትሽ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት የአይኤችጂ በሆነው ሆሊዴይ ኢን ኤክስፕረስ እደሪበት፤ በካሽም ይሁን በነጥብ ቀኑ እንደገና ይቆጠራል።

ለወደፊቱ በአንዱ ልወሰን ወይ ላልሽው፣ መልሴን ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ለአራት ዓመት የተዘዋወረች ትራቭል ነርስ ይህ ብቻ ነው ያላት? ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው፣ ክፍሉን የያዘልሽና የከፈለው ወደ ሆስፒታሎቹ የሚልክሽ ኤጀንሲ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ኤክስፒዲያ ባሉ የሆቴል መያዣ ድረ ገጾች ይዘሽ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የሆቴሉ ነጥብ በአብዛኛው አይገኝም። ኤጀንሲሽ የቤት አበል በእጅሽ የሚሰጥ ከሆነ አበሉን ወስደሽ በራስሽ ስም፣ በሰንሰለቱ በራሱ ድረ ገጽ ያዢ። ሁለተኛው፣ ለረጅም ጊዜ የሚታደርባቸው ወጥ ቤት ያላቸው ሆቴሎች፣ ለምሳሌ የማሪዮት ሬዚደንስ ኢንና ታውንፕሌስ፣ የሂልተን ሆም ቱ፣ በአንድ ዶላር 10 ሳይሆን 5 ነጥብ ነው የሚሰጡት። መጥፎ ናቸው አልልም፤ ምግብሽን ራስሽ ማብሰልሽ ከነጥቡ የበለጠ ያተርፍሻል። ብቻ ስታወዳድሪ እወቂው።

የአሥራ ሦስት ሳምንት ኮንትራት 91 ሌሊት ነው። ይህንን በአንድ ሰንሰለት ብታድሪው ማሪዮት ላይ ፕላቲነም የሚባለውን የአባልነት ደረጃ የሚያስገኙትን 50 ሌሊቶች አልፈሽ ከሱ በላይ ላለው ታይታኒየም የሚያበቁትን 75ንም ትሻገሪያለሽ። ስለዚህ ላንቺ መልሴ አዎ ነው፤ የሥራ ሌሊቶችሽን በአንድ ላይ ሰብስቢ። የትኛው? ሆስፒታሎቹ ያሉባቸውን ከተሞች እዪና ቅርብ የሚገኝልሽን ምረጪ። ሃያት ነጥቡ ውድ ቢሆንም ሆቴሎቹ ጥቂት ናቸው፤ በትንንሽ ከተማ አታገኚውም። ማሪዮትና ሂልተን በየቦታው አሉ። እኔ ላንቺ ማሪዮት ወይም ሂልተንን ለሥራ፣ የቼዝ ካርድ ካለሽ ደግሞ ሃያትን ከባንክ በሚሻገር ነጥብ ብቻ ለዕረፍት እላለሁ። ለዕረፍት አሜሪካ ውስጥ ላስ ቬጋስ ወይም ፍሎሪዳ የምትሄዱ ከሆነ ሂልተንና ሃያት በነጥብ ለሚያድር ሰው የሪዞርት ክፍያ (ከክፍሉ ዋጋ ላይ የሚታከለውን ክፍያ) አያስከፍሉም፤ ማሪዮት ግን ያስከፍላል። አውሮፓና ገልፍ ላሉ አንባቢዎች አንድ ቃል፦ አኮር በሚባለው የሆቴል ሰንሰለት ላይ 2,000 ነጥብ ሁልጊዜ 40 ዩሮ ነው፤ ሒሳብ የለው፣ ዕድልም የለው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ሒሳብሽን ሊያበላሽ ይችላል፤ ማቆየት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ሲንሳፈፍ ማታ በ57 የተኛው ዶላር በማግሥቱ በ70ዎቹ እንደነቃ ታስታውሻለሽ። የሆቴል ነጥብም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ብሔራዊ ባንክ ቢያንስ መግለጫ ይሰጣል። ሂልተን ቋሚ የነጥብ ሰንጠረዡን በ2017 እ.ኤ.አ. ተወው፤ ማሪዮት በ2022 እ.ኤ.አ.። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱን ዋጋ ገበያውን እያዩ ይወስናሉ። ከትልልቆቹ ውስጥ ሆቴሎቹን ከ1 እስከ 8 መድቦ ሰንጠረዥ የሚያወጣው ሃያት ነው፤ እሱም ሆቴሎችን በየዓመቱ ከምድብ ምድብ ያዛውራል። ነጥብ ወለድ አይወልድም። «ለትልቅ ጉዞ» ብሎ አምስት ዓመት ያቆየ ሰው ያው ነጥብ እጁ ላይ እያለ ሌሊቶቹ ቀንሰውበታል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሺ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ሦስቱን አፕሊኬሽን ክፈቱ፤ የሠርጉን አምስት ሌሊት አስገቡ፤ ሦስቱን አካፍሉ። በምሳሌዬ ቁጥሮች ከሄደ፣ ቼዝ ካርድ ካላችሁ ሃያትን እመርጣለሁ፤ ከሌላችሁ ማሪዮትን በአምስተኛው ሌሊት። የሂልተኑን ነጥብ ዛሬውኑ አንድ ላይ አድርጉት፤ ባትጠቀሙበትም አይጎዳችሁም። በነጥብ የተያዘ ክፍል በአብዛኛው ከመድረሻችሁ ጥቂት ቀናት በፊት ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፤ የስረዛውን የመጨረሻ ቀን ከማረጋገጫው ላይ አንብባችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉበት። የሠርጉ ቀን ገና በሽማግሌ እየተነጋገሩበት ቢሆን እንኳ አሁኑኑ ያዙት፤ ከተገፋ ትሰርዙና ነጥቡ ይመለስላችኋል። በየሁለት ሳምንቱም ገብታችሁ ዋጋውን እዩት፤ ማሪዮትና ሂልተን ላይ ነጥቡ ወርዶ ካገኛችሁት በአዲሱ ያዙና የቀድሞውን ሰርዙ።